የጃንጥራሩ የልጅ ልጅ፡ ነርሷ ልዕልት ፀሐይ

አምባሰል ሲባል የአብዛኞቻችን ጆሮ ላይ ቀድሞ የሚደርሰው ቅኝቱ ነው። ታሪክ የሚወድ ደግሞ ውጫሌን ያነሳል፤ በ1881 ዓ.ም. ከጣልያን ጋር የተፈረመው፣ በኋላም ለአድዋ ጦርነት ሰበብ የሆነው ውል የዚያ አገር ስም ነው ያለው። ከደሴ ተነስቶ ሐይቅን አልፎ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ውጫሌን ሳያይ አያልፍም። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ከዚሁ አገር ዘር ስለሚመዘዝ፣ ብዙም ስለማናወራው የአንዲት ነርስ ሕይወት ነው።

የአምባሰል ገዢ ማዕረጉ ጃንጥራር ይባል ነበር። ጃንጥራር አስፋው የወሎውን ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስኂንን አግብተው መነንን ወለዱ። (ደሴ የተማረ ሰው የወይዘሮ ስኂንን ስም በትምህርት ቤቱ ያውቀዋል።) መነን በ1903 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪን አገቡ፣ ቆይተውም እቴጌ ሆኑ። ከስድስቱ ልጆቻቸው አራተኛዋ ልዕልት ፀሐይ በጥቅምት 1912 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ።

ስለ ልጅነታቸው ብዙ አልልም፤ የቤተ መንግሥት ልጅነት ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1928 ዓ.ም. ነው። ፋሽስት ጣልያን ሲወር ልዕልቲቱ ገና 16 ዓመታቸው ነበር። ለዘማቹ ፋሻ ከሚያዘጋጁት ሴቶች ጋር ሠሩ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ቤተሰቡ ተሰደደ፤ በጅቡቲና በኢየሩሳሌም አድርጎ እንግሊዝ ገባ፣ ባዝ ከተማም ተቀመጠ።

ታዲያ ስደተኛ ልዕልት ምን ትሠራለች? ቤት ተቀምጣ አገሯን ብትናፍቅ ማንም አይወቅሳትም ነበር። እሳቸው ግን ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት መማር ጀመሩ። የዚያ ዘመን የነርስ ተማሪ ሌሊት ታድራለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ የሕመምተኛ ሽንት ትደፋለች። ነሐሴ 1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስነት ፈቃዳቸውን ተቀበሉ። ከዚያም ወደ ጋይስ ሆስፒታል ተዛውረው ጠቅላላ ነርስነት ቀጠሉ፤ ወቅቱ ለንደን ላይ ቦምብ የሚዘንብበት ነበር። ስለ እሳቸው የዜና መግቢያ ጻፉ ብንባል ብዙዎቻችን የንጉሥ ልጅነታቸውን እናስቀድም ይሆናል። በእኔ አስተያየት መግቢያው ይሄ ፈቃድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እሳቸው እንግሊዝ በገቡበት በ1936 እ.ኤ.አ.፣ እዚያው ለንደን ኩዊን ሻርሎት ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ሌናርድ ኮልብሩክ ፕሮንቶሲል የተባለውን አዲስ መድኃኒት በወሊድ ኢንፌክሽን ለተያዙ እናቶች እየሰጠ ነበር። ቀድሞ በዚያ በሽታ ከተያዙት አምስት እናቶች አንዷ ገደማ ትሞት ነበር። ከመድኃኒቱ በኋላ ግን የሟቾቹ ቁጥር ከመቶ ወደ አምስት ገደማ ወረደ። ልዕልት ፀሐይ ሙያውን የተማሩት እንግዲህ ወላድን የሚገድለው ተሐዋስ ለመጀመሪያ ጊዜ በመድኃኒት በተሸነፈበት ከተማና ዘመን ነው።

አገር ነፃ ስትወጣ ተመለሱ። ሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ልጅ ዐቢይ አበበን አገቡ፤ ባላቸው የወለጋ ገዢ ስለነበሩ አብረው ነቀምቴ ወረዱ። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። ዕድሜያቸው 22 ነበር፣ ከእኛ ክፍል ልጆች ዕድሜ ማለት ነው።

አብዛኛው ጽሑፍ ሞታቸውን በአንድ መስመር ያልፈዋል፤ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር ይልና ያበቃል። ከሠርጉ እስከ ቀብሩ ያለውን ጊዜ ብንቆጥር ግን አራት ወር እንኳ አይሞላም። ፅንሱ ቀኑን አልጠበቀም ማለት ነው። በኢንፌክሽን ነው የሞቱት ብሎ መጻፍ አይቻልም፣ እኔም አልልም። ግን ፅንስን ያለ ቀኑ የሚያስወጣው ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ሳናነሳ ይህን ሞት ማለፍ አልፈለግሁም።

ዛሬ የሕክምናው ዓለም ከ37 ሳምንት በፊት የሚመጣን ምጥ ያለ ጊዜው የመጣ ምጥ ይለዋል። ከእንዲህ ዓይነቱ ወሊድ ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ከማኅፀን ኢንፌክሽን ጋር ይያያዛል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ተሐዋስያን ከታች ተነስተው በማኅፀን በር አልፈው ፅንሱን የሸፈነው ስስ ሽፋን ላይ ይደርሳሉ። የእናትየው ሰውነት ሊከላከል ይነሳና ቦታው ይቆጣል፤ ይህ ብግነት ይባላል። የመከላከያ ሕዋሳት ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ኬሚካሎችን ይረጫሉ፣ እነሱ ደግሞ ፕሮስታግላንዲን እንዲመረት ያደርጋሉ። ፕሮስታግላንዲን የማኅፀኑን በር ያለሰልሳል፣ ማኅፀኑንም ያኮማትራል። በቃ፣ ምጥ መጣ። የሚገርመው ምጡን የሚጠራው ተሐዋሱ ብቻ ሳይሆን የሰውነቱ መከላከያ ራሱም መሆኑ ነው። ሳይታከም የቆየ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ያለ ጊዜው ምጥ ሊያመጣ ይችላል። ቆላ ላይ ደግሞ ወባ አለች።

ችግሩ እናትየዋ ምንም ሳይሰማት ይህ ሁሉ ሊካሄድ መቻሉ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ጠቋሚ ምልክት ይፈልጋሉ፦ በእንሽርት ውኃ ውስጥ ኢንተርሉኪን 6፣ በደም ውስጥ ሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲን፣ በማኅፀን በር ፈሳሽ ውስጥ ፊታል ፋይብሮኔክቲን። የመጨረሻው ይበልጥ የሚጠቅመው የለም ሲል ነው፤ በሚቀጥሉት አንድ ሁለት ሳምንታት የመውለዷ ዕድል አነስተኛ ነው ማለት ይሆናል። አንዳቸውም ብቻቸውን አይበቁም። ደግሞ ሁሉም ቤተ ሙከራ ይፈልጋሉ። ከአምባሰል ተራራማ ቀበሌ በቃሬዛ ወርዳ መኪና መንገድ ላይ ለምትደርስ እናት ዛሬም ዋናዎቹ ጠቋሚዎች ትኩሳት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽና ያለ ቀኑ የፈሰሰ እንሽርት ናቸው።

በ1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ግን ምን ነበረ? ልዕልት ፀሐይ ከመሞታቸው አምስት ወር ቀደም ብሎ አሜሪካ ውስጥ ፅንስ ወርዶባት በኢንፌክሽን ልትሞት የደረሰች አንዲት ሴት ፔኒሲሊን ተሰጥቷት ድና፣ እስከ 90 ዓመቷ ኖራለች። መድኃኒቱ ያኔ የተገኘው በማንኪያ ተለክቶ ነበር፤ ወለጋ ይቅርና ለንደን ላይም ብርቅ ነበር።

አስከሬናቸው አዲስ አበባ መጥቶ በባዕታ ለማርያም አረፈ። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበረችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ አገሯ ውስጥ ገንዘብ ማሰባሰቡን ይዛ ሮጠች። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1951 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፣ ነርሶችንም ማሠልጠን ጀመረ። በ1959 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካትሪንና ሬጅናልድ ሃምሊን የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች አዋላጅ ነርሶችን ሊያስተምሩ ወደዚሁ ሆስፒታል መጡ። የሦስት ዓመት ውል ነበር የያዙት። እዚያ ያገኟቸው በምጥ የተጎዱ ሴቶች አስቀሯቸው፤ የፌስቱላ ሆስፒታል የተወለደውም ከዚያ ነው። ሬጅናልድ በ1993፣ ካትሪን በ2020 እ.ኤ.አ. እስኪያርፉ ድረስ ከዚያ ሥራ አልወጡም።

በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100,000 ወላዶች 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016ቱ ቁጥሩ 412 ነበር። ሆስፒታሉ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ስሙ ተቀይሮ ጦር ኃይሎች ተባለ። ዛሬ በዚያ በር የምትገባ ነፍሰ ጡር የልዕልቲቱን ስም ግድግዳው ላይ አታነብም፤ የአያታቸው የወይዘሮ ስኂን ስም ግን ደሴ ላይ አሁንም ይጠራል።