ሳሙኤል ቤከርና የሰቲት ዝሆን አዳኞች

ሱቅ ዐረቢ ለአገራችን ነጋዴዎች እንግዳ ስም አይደለም። ይህ ገበያ የሚገኝባት ካርቱም በ1885 ዓ.ም. (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፈርሳ ከ1898 በኋላ እንደ ገና የተሠራች ከተማ ናት፤ በ2023 የተነሣው ጦርነትም ብዙ ጉዳት አድርሶባታል። በፊተኛይቱ ካርቱም ከዋና ዋናዎቹ ንግዶች አንዱ የዝሆን ጥርስ ነበረ፤ ከጥርሱም ጀርባ የባሪያ ንግድ ተሸሽጎ ይካሄድ ነበረ። ይህን አይተው ለዓለም ካስታወቁት አንዱ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ነው።

ቤከር በ1821 ዓ.ም. በለንደን ተወለደ። በወጣትነቱ በሴሎን ደሴት እርሻ አቋቁሞ ሲኖር በዝሆን አደን ስሙ ታወቀ። በ1861 ኋላ ካገባት ከፍሎሬንስ ጋር የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ከካይሮ ተነሣ፤ ነገር ግን ዐረብኛ ለመማርና ከሐበሻ የሚወርዱትን ወንዞች ለመመርመር አንድ ዓመት ያህል በአትባራና በሰቲት አገር ቆየ።

በጠመንጃው ይመካ የነበረው ይህ ሰው በዚያ ሰይፍ ብቻ ይዘው ዝሆን የሚገጥሙትን የሐምራን ዐረቦች አገኘ። ከሁሉ አስቀድሞ አውሬውን ማግኘት ያስፈልጋል። በበጋ ትናንሾቹ ወንዞች ሲደርቁ አራዊቱ ሌሊት ወደ ሰቲት ወርደው ይጠጣሉ፤ አዳኞቹም ሲነጋ የወንዙን አሸዋ መርምረው ዱካው የትናንት ወይም የዛሬ መሆኑን ይለያሉ። ዝሆን ምንም ግዙፍ ቢሆን በቁጥቋጦ ውስጥ ቆሞ ሲያርፍ እንደ ጥላ ይሰወራልና፣ ከዓይን ይልቅ ዱካ ይታመናል።

ዝሆኑ በተገኘ ጊዜ አንዱ ፈረሰኛ ከፊቱ እየጋለበ ቍጣውን ወደ ራሱ ይስባል። ይህን ሥራ አንድ እጁ የሰለለው ሮዱር ሸሪፍ ይፈጽመው ነበረ። ከኋላ የሚከተሉት ደግሞ ከፈረስ ዘለው የኋላ እግሩን ጅማት በሰይፍ ይቈርጣሉ፤ ዝሆንም በሦስት እግር መሮጥ ስለማይችል በዚያው ይቀራል። ፈረሱ አንድ ጊዜ ቢሰናከል ግን የሚሞተው ሰውየው ነው።

ቤከር በዚሁ ጕዞው የግብጽን ምድር የሚያለማው ጐርፍና ደለል ከሐበሻ ወንዞች እንደሚመጣ አስረዳ። በ1862 ካርቱም ገባ፤ በ1864 አልበርት ብሎ የሰየመውን ሐይቅ አየ። ከ1869 እስከ 1873 የግብጹ ገዥ የኢስማኤል ሹም ሆኖ በላይኛው ዓባይ የባሪያን ንግድ ተዋጋ፤ ሥራው ግን ሳይፈጸም ተመለሰ። በ1893 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሞተ።

ሐምራኖች በሰይፍ የገደሉት ጥቂት ነበረ፤ መንጋውን የፈጀው ጠመንጃና የገበያው ዋጋ ነው። የዝሆን ጥርስ የዓለም ንግድ እንዲታገድ የተወሰነው በ1989 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በጋሽና በሰቲት መካከል የቀሩት ዝሆኖች ጥቂቶች ናቸው፤ አውራሪስም ከነጭራሹ ጠፍቷል። እንግዲህ ቀድሞ ለመግደል ዱካ ይለይ የነበረው ዓይን አሁን ለመጠበቅ ያስፈልጋል። የሚሾም ሰው ይህን ያስብ፤ የሚነግድም ሰው ሸቀጡ ከወዴት እንደ መጣ ይጠይቅ።