አልበርት ካን፦ ፋብሪካን የአርክቴክት ሥራ ያደረገ ሰው

በስቱዲዮ የዲዛይን ርዕስ ሲታደል አብዛኞቻችን የምንጓጓው ለሙዚየም ወይም ለሆቴል ነው። ፋብሪካ የደረሰው ተማሪ ፊቱ ይጠቁራል፤ ቆርቆሮ የለበሰ ሳጥን ምን ዲዛይን አለው እንላለን። ከመቶ ዓመት በፊት የነበሩ ብዙ አርክቴክቶችም ከኛ አይሻሉም ነበር። አልበርት ካን ግን የተናቀውን ሥራ አነሳው።

ካን እ.ኤ.አ. በ1869 በጀርመን ተወልዶ ገና በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ፣ ዲትሮይት ከተማ ተሰደደ። ቤተሰቡ ችግረኛ ስለነበር ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ሙያውን የተማረው በአርክቴክቶች ቢሮ ተቀጥሮ እየሠራ ነው። በ1895 የራሱን ቢሮ ከፈተ።

በዚያን ጊዜ የብዙ ፋብሪካዎች ወለል የማሽን ዘይት የጠጣ እንጨት ነበር። እሳት ከተነሳ አለቀ ማለት ነው። ምሰሶዎቹም ስለተጠጋጉ ማሽን እንደልብ ማስቀመጥ አይቻልም፤ መሐል ላይ የሚሠራው ሰው ብርሃን አያገኝም። ካን ከኢንጂነር ወንድሙ ከጁሊየስ ጋር ሆኖ በ1905 የፓካርድ መኪና ፋብሪካን 10ኛ ሕንፃ በአርማታ ሠራ። አርማታው እሳት ይችላል። ጭነቱን ምሰሶዎቹ ስለተሸከሙም ግድግዳው ለመስኮት ተለቀቀ።

ቀጥሎ ሄንሪ ፎርድ የሃይላንድ ፓርክን ፋብሪካ ሰጠው። በ1910 ሥራ የጀመረው ይህ ባለ አራት ወለል ሕንፃ ዙሪያውን በመስታወት የተሞላ ነበር። ሆኖም በ1913 ተንቀሳቃሹ የመገጣጠሚያ መስመር ሲመጣ ዕቃ ወደ ላይና ወደ ታች ማመላለስ አስቸጋሪ ሆነ። ካን በገዛ ሥራው ሙጭጭ አላለም። ከ1917 ጀምሮ በሩዥ ወንዝ ዳር ለፎርድ የሠራቸው ትላልቅ ፋብሪካዎች ባለ አንድ ወለል፣ በብረት የቆሙ፣ ከጣሪያቸው ብርሃንና አየር የሚያስገቡ ሆኑ። ቢሮው ከ1929 እስከ 1932 ለሶቪየት ኅብረት ከ500 በላይ ፋብሪካዎችን ነደፈ። ካን በ1942 ሞተ።

እርግጥ የመገጣጠሚያው መስመር ሠራተኛውን አንድ ቦታ አቁሞ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ቀኑን ሙሉ የሚያስደጋግም ነው። ይህን መስኮት አይፈታውም። ቢሆንም በጨለማ ከመልፋት በብርሃን መሥራት ይሻላል፤ የካን ትልቁ ዋጋም እዚህ ላይ ነው። እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ፋብሪካ ሲደርሰን ፊት ለፊቱን ከመሳላችን በፊት ውስጥ ምን እንደሚሠራና ማን እንደሚቆምበት እንጠይቅ።