የእንስሳት ሐኪሙ ጆን ቦይድ ደንሎፕ እና ነፋስ ያዘለው ጎማ

ደንሎፕ የሚለውን ስም በጎማ ላይ ተጽፎ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ስሙ ግን የፋብሪካ ስም ከመሆኑ በፊት የአንድ ጢማም የእንስሳት ሐኪም ስም ነበረ። የዚህን ሰው ታሪክ ለጓደኞቻችን ለመጻፍ የተነሣነው ሙያውን ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ በሁለት እግር የሚሄድ ሁሉ፣ ብስክሌተኛም ሆነ ሞተረኛ፣ ሕይወቱን ያኖረው ከመዳፍ በማትበልጥ የጎማ ቁራሽ ላይ መሆኑን ለማሳሰብም ጭምር ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጆን ቦይድ ደንሎፕ በስኮትላንድ አገር ድሬግሆርን በምትባል መንደር፣ ከገበሬ ቤተ ሰብ፣ የካቲት 5 ቀን 1840 ተወለደ። በኤዲንብራ የእንስሳት ሕክምና ተምሮ ጥቂት ዓመታት በአገሩ ከሠራ በኋላ፣ በ1867 ወደ አየርላንድ ተሻገረ፤ ኋላም በቤልፋስት ከተማ ተቀመጠ። በዚያም ሥራው ሰፋለት፤ በፈረስ በሚንቀሳቀስ ከተማ ውስጥ የፈረስ ሐኪም ሥራ አያጣምና።

በዚያ ዘመን ብስክሌት ገና አደገኛ ነገር ነበረ። የፊት እግሩ የሰው ቁመት ያህል ትልቅ፣ የኋላው ትንሽ ሆኖ፣ ነጂው ከላይ ተሰቅሎ ይሄድ ነበር። የፊት እግሩ ድንጋይ የመታ እንደ ሆነ ሰውየው በራሱ ተተክሎ ይወርዳል። በ1885 ስታርሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሁለት እኩያ እግር ያለውን ብስክሌት ለገበያ ባወጣ ጊዜ ይህ አደጋ ቀነሰ። ነገር ግን እግሩ ስላነሰ የመንገዱ ጉድጓድና ኮረኮንች ይበልጥ ይሰማ ጀመር፤ ጎማውም ድፍን ነበረና ነጂውን አጥንቱ እስኪላቀቅ ድረስ ያንገጫግጨው ነበር።

ደንሎፕም ትንሽ ልጅ ነበረው። ልጁ በባለ ሦስት እግር ብስክሌቱ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲንገጫገጭ አይቶ፣ በ1887 ዘዴ ያወጣለት ጀመር። ቀጭን የጎማ ቱቦ በክብ እንጨት ዙሪያ አድርጎ፣ በጨርቅ ሸፍኖ በሚስማር መታውና ነፋስ ሞላው። ከዚያም የብስክሌቱን አሮጌ እግርና አዲሱን ክብ እያከታተለ በግቢው ውስጥ አንከባለላቸው። አሮጌው ከመንገድ ቀርቶ ወደቀ፤ አዲሱ ግን ግቢውን አቋርጦ በሩን መትቶ ተመለሰ። በ1888 ሥራውን በመንግሥት መዝገብ አስመዝግቦ የፈጠራ መብት ተቀበለ።

ደንሎፕ ያሰበው ምቾትንና ፍጥነትን ነበር፤ ነገር ግን ያላሰበውም ጥቅም አብሮ መጣ። ድፍን ጎማ ጠጠር ሲመታ ይዘላል። ከመሬት በተለየባት ቅጽበት የሚይዘው ነገር ስለሌለ ፍሬንም መሪም አይታዘዙም። ነፋስ ያዘለ ጎማ ግን ጠጠሩን ውጦ ያልፋል፤ ከመንገዱም አይለይም። መኪና ቢንሸራተት በአራት እግሩ እንደ ቆመ ይንሸራተታል፤ ብስክሌትና ሞተር ብስክሌት ግን የፊት እግራቸው ከከዳቸው መውደቅ ነው። ጎማ መንገዱን አጥብቆ መያዙ ለባለ አራት እግሩ ጥቅም ሲሆን፣ ለባለ ሁለት እግሩ ግን ሕልውናው ነው።

በግንቦት ወር 1889 በቤልፋስት ኩዊንስ ኮሌጅ የተማሪዎች ሜዳ ላይ የብስክሌት እሽቅድምድም ተደረገ። ዊሊ ሂዩም የተባለ ወጣት በደንሎፕ ወፍራም ጎማ ሲመጣ ተመልካቹ ሳቀበት፤ እርሱ ግን አሸነፈ። ይህን ተከትሎ ሃርቪ ዱ ክሮስ የተባለ ነጋዴ በደብሊን ኩባንያ አቋቁሞ ሥራውን አስፋፋ።

ብዙም ሳይቆይ ግን ለደንሎፕ መራራ ነገር ደረሰ። ሮበርት ቶምሰን የተባለ ሌላ የስኮትላንድ ሰው ይህንኑ ሐሳብ በ1845 አስመዝግቦ ኖሮ፣ የደንሎፕ የፈጠራ መብት ተሻረ። ቶምሰን ብስክሌት ሳይስፋፋ በመፈጠሩ ሐሳቡ ተረስቶ ነበር። ኩባንያው በሌሎች ፈጠራዎች ተደግፎ ቆመ፤ በ1896ም በ3 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። ከዚህ ሀብት ታላቁ ድርሻ ለደንሎፕ አልደረሰም። እርሱም ከኩባንያው ርቆ በደብሊን በጸጥታ ኖሮ፣ በጥቅምት ወር 1921 በ81 ዓመቱ ዐረፈ። ስሙ ግን በጎማው ላይ ቀረ።

እንግዲህ ደንሎፕ የሠራው የሥራውን ግማሽ ነው። ጎማ የሚይዘው መንገዱ የሚያስይዘው እንደ ሆነ ነው። የአስፋልት ሻካራነት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው በጠጠሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ሲሆን የዝናቡን ውሃ ያሳልፋል፤ ሁለተኛው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ያለው የጠጠሩ የራሱ ቆዳ ነው። ከባድ መኪና ሲመላለስበት ዓመት በዓመት ይህ ቆዳ ይላጋል፤ ሲደርቅ ደኅና የሚመስለው መንገድ በዝናብ ጊዜ ይከዳል። ደግሞም ከበጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ፣ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውሃ ጋር ተለውሶ መንገዱን ሳሙና ያደርገዋል። የጉድጓድ የብረት ክዳን፣ የእግረኛ መሻገሪያ ነጭ ቀለም፣ በየሰፈሩ የተነጠፈው ኮብልስቶን፣ ሁሉም ርጥብ ሲሆኑ ያንሸራትታሉ።

ስለዚህ በብስክሌትም ሆነ በሞተር ለምትመላለሱ ጓደኞቻችን ሁለት ነገር እንላለን። ፍሬን መያዝ ከመታጠፊያው በፊት፣ ቀጥ ብላችሁ ሳላችሁ ነው እንጂ ዘንበል ካላችሁ በኋላ አይሁን። የጎማችሁንም ነፋስና ጥርስ ሳትመለከቱ አትውጡ። መሐንዲስ ለመሆን ለምትማሩት ደግሞ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ነገ ለመንገድ የሚሆነውን ድንጋይ የምትመርጡት እናንተ ናችሁና፣ ጥንካሬውን ብቻ ሳይሆን በጎማ ታሽቶ አለመላጉንም መርምሩ። የመንገዱንም ወለል በመኪና ተቀምጣችሁ ብቻ አትመዝኑት፤ መኪና ውስጥ የማይሰማው ልስላሴ ብስክሌተኛውን መሬት ላይ ይጥለዋል።