ኤድዋር ሉካስ እና ባለ 39 አሃዙ ብቸኛ ቁጥር

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኤድዋር ሉካስ (1842–1891 እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በብዙዎች ዘንድ የሚታወሰው በ1883 ባወጣው የሐኖይ ግንብ በተባለ ጨዋታ ነው። በዚህ ጸሐፊ አመለካከት ግን ከሥራዎቹ ሁሉ የሚልቀው 2¹²⁷−1 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን ያሳየበት መንገድ ነው።

ሉካስ በአሚየን ከተማ ተወለደ። በፓሪስ ኤኮል ኖርማል ሱፔሪየር ከተማረ በኋላ በከተማይቱ የሥነ ፈለክ ተቋም ሠራ፤ በፈረንሳይና በፕሩሲያ ጦርነትም በመድፈኛ መኮንንነት አገልግሏል። ከጦርነቱ መልስ ኑሮው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርነት የተመሠረተ ነበር።

መነኩሴው ማረን መርሴን በ1644 ከ257 ከማይበልጡ ርቢዎች መካከል 2ⁿ−1ን ብቸኛ ቁጥር የሚያደርጉትን ያለ ማረጋገጫ ዘርዝሮ ነበር። 67 እና 127 ከዝርዝሩ ውስጥ ይገኛሉ። 2¹²⁷−1 ሲጻፍ 170141183460469231731687303715884105727 ነው። ይህን ቁጥር አካፋይ እየፈለጉ መመርመር ለሰው ዕድሜ የሚበቃ ሥራ አይደለም።

ሉካስ በ1876 አካፋይ መፈለጉን ትቶ ሌላ ጥያቄ አነሣ። ርቢው ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው ከሆነ ከ3 ይነሣል፤ ቁጥሩን በራሱ አባዝቶ 2 ይቀንሳል፤ ውጤቱን ለሚመረመረው ቁጥር አካፍሎ ቀሪውን ብቻ ይይዛል። ርቢው 7 ሲሆን የሚመረመረው 127 ነው፤ ተከታታዩም 3፣ 7፣ 47፣ 48፣ 16፣ 0 ይሆናል (አንባቢ በእርሳስ ሊሞክረው ይችላል)። ስድስተኛው ዜሮ በመሆኑ 127 ብቸኛ ነው። ለ2¹²⁷−1 ዜሮ መሆን የሚገባው 126ኛው ነው፤ ይህም ባለ 39 አሃዝ ቁጥሮችን ደጋግሞ በእጅ ማባዛትን ይጠይቃል። ሉካስ ሒሳቡን በዜሮና በአንድ ብቻ በሚጻፍ ሥርዓት፣ ቼዝ በሚመስል ሰሌዳ ላይ አቃለለው። 2¹²⁷ ለዚህ ቁጥር ሲካፈል ቀሪው 1 ስለሆነ፣ ከሰሌዳው ጠርዝ ያለፈውን አሃዝ ወደ መነሻው መመለስ ማካፈልን ይተካል።

በዚያው ዓመት 2⁶⁷−1 ብቸኛ አለመሆኑን አንድም አካፋይ ሳይጠቅስ አሳወቀ። አንድ ቁጥር አካፋዮቹ ሳይታወቁ ስብጥር ነው መባሉ ለዘመኑ እንግዳ ነገር ነበር። አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል 193707721 እና 761838257287 የተባሉትን አካፋዮች ያቀረበው በ1903 ነው።

ሉካስ ይህን አላየም። በአንድ ግብዣ ላይ የተሰበረ ሳህን ስባሪ ጉንጩን ቆረጠው፤ ቁስሉ አመርቅዞ ጥቅምት 3 ቀን 1891 በ49 ዓመቱ አረፈ። የቁጥር ንድፈ ሐሳብ መጽሐፉም ከመጀመሪያው ቅጽ አላለፈም። ማረጋገጫዎቹ ክፍተት ነበረባቸው፤ መፈተኛውን ዛሬ በሚታወቅበት የተሟላ መልክ ያቀረበው ዴሪክ ሄንሪ ሌመር በ1930 ነው። 2¹²⁷−1 ግን እስከ 1951 ድረስ ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ቆየ።