እቴጌ ምንትዋብ እና የቁስቋም ቤተ መንግሥት የፈንጣጣ ወረርሽኝ

እቴጌ ምንትዋብ በቋራ ተወልደው የአፄ በካፋ ባለቤት ለመሆን የበቁ ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲያርፉ ሕፃኑ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ዙፋኑን በመውረሳቸው የመንግሥቱን ሥልጣን በእንደራሴነት ያዙ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ደግሞ ብርሃን ሞገሳ ነበር። በጎንደር ዳርቻ በሚገኘው ኮረብታ ላይ ያሳነፁት ቁስቋም እና በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት ላይ የሚገኘው ናርጋ ሥላሴ ዛሬም ዘመናቸውን ያስታውሳሉ።

ልጃቸውን ወይዘሮ አስቴርን ለበጌምድር ገዥ ለማርያም ባርያው ዳሩ። የገዥው ግዛት ደብረ ታቦርና ነፋስ መውጫ የሚገኙበትን የዛሬውን የደቡብ ጎንደር ደጋ ያጠቃልል ነበር። ራስ ሥዑል ሚካኤል በነፋስ መውጫ ድል ካደረጓቸው በኋላ ማርያም ባርያው ሸሽተው ተገደሉ። እ.ኤ.አ. በ1769 ደግሞ የእቴጌይቱ የልጅ ልጅ አፄ ኢዮአስ ተገደሉ። ወይዘሮ አስቴር ከዚያ ወዲያ የራስ ሚካኤል ባለቤት ሆነው ይገኛሉ።

በዚህ ሐዘን ላይ ፈንጣጣ ተጨመረ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ጎንደር ሲደርስ በሽታው ቁስቋም ገብቶ የወይዘሮ አስቴርን ልጅ ክንፉን ጨምሮ የቤተ መንግሥቱን ልጆች ይዞ ነበር። ከዋልድባ የመጡ መነኩሴ የጻፉትን ጽሑፍ አጥበው ለሕሙማኑ ያጠጡ ነበር፤ ክታብና ክትባት የሚሉት ቃላት ከአንድ ግሥ መውጣታቸውን እዚህ ላይ ልብ ይሏል። የልጆቹ ሁኔታ ሲከፋ ግን እቴጌይቱ ሕክምናውን ለእንግዳው ሰው አደራ ሰጡ። ብሩስም የተዘጋውን በርና መስኮት አስከፈተ፣ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ በሞቀ ውኃና በሆምጣጤ አሳጠበ። ክንፉ ተረፈ፤ ሌሎች ግን ሞቱ።

ንጹሕ አየር ለሕሙማኑ ዕረፍት ይሰጥ ይሆናል እንጂ ቫይረሱን የሚገታ አልነበረም። ምክንያቱን ሳይንስ ያገኘው ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ዘግይቶ ነው። የሰው ህዋስ ዲኤንኤውን በዋነኛነት በኒውክለስ ውስጥ ይይዛል። ከዚያ ውጭ ዲኤንኤ ከተገኘ ሲጋስ የተባለ ፕሮቲን እንደ ባዕድ ቆጥሮ መልእክተኛ ሞለኪውል ይሠራል። መልእክቱ ስቲንግ ለተባለው ሌላ ፕሮቲን ሲደርስ ህዋሱ ኢንተርፌሮን አምርቶ ጎረቤቶቹን ያስጠነቅቃል። የፈንጣጣ ቫይረስ ዲኤንኤ ያለውና ከኒውክለስ ውጭ የሚራባ በመሆኑ በዚህ ጥበቃ በቀላሉ መያዝ ነበረበት። ነገር ግን ዲኤንኤውን በፕሮቲን ቅርፊት ሸፍኖ ይገባል፤ ኢንተርፌሮን የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ እንዳይደርስም ኢንተርፌሮኑን በመንገድ ላይ የሚቀልብ ፕሮቲን ያመርታል። የቅርብ ዘመዱ ቫክሲኒያ ደግሞ መልእክተኛውን ሞለኪውል ራሱን የሚቆርጥ ኢንዛይም እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2019 ታውቋል። ይህ ሁሉ ሲሆን የተያዘው ሰው 12 ቀን ገደማ ጤነኛ መስሎ ይቆያል። በቁስቋም የልጆቹ ትኩሳት በታወቀበት ሰዓት ቫይረሱ በሰውነታቸው ተሰራጭቶ ነበር ማለት ነው።

ከበሽታው የተረፈ ሰው ዳግመኛ እንደማይያዝ ሕዝቡ ጥንቱንም ያውቅ ነበር። በሀገራችን ከታማሚ ቁስል የተወሰደን ፈሳሽ የጤነኛን ሰው ቆዳ በጥቶ የማስገባት ልማድም ነበር። መከላከያ ቢሆንም አደጋው ቀላል አልነበረም፤ የሚሰጠው ራሱ ፈንጣጣው ነውና።

እቴጌ ምንትዋብ እ.ኤ.አ. በ1773 አረፉ። ኤድዋርድ ጄነር ከላም ፈንጣጣ ያገኘውን የመጀመሪያ ክትባት የሰጠው ከ23 ዓመታት በኋላ ነው። በኋላ ዓለም በስፋት የተጠቀመበት ክትባት የተሠራው ከዚያው ከቫክሲኒያ ነበር። በኢትዮጵያ የማጥፋት ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1971 ተጀምሮ በጌምድርን ጨምሮ መላ ሀገሪቱን አዳረሰ፤ የመጨረሻው ታማሚም በነሐሴ 1976 በቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ተመዘገበ።