ስሙ ሽጉጥ የሆነው ሰው፦ ጆን ብራውኒንግና ማለቂያ ያጣው የጥይት ክርክር

የሽጉጥ ወሬ በተነሳበት ቦታ ሁሉ አንድ ክርክር አይጠፋም። አንዱ ጥይቱ ትልቅ ካልሆነ ዋጋ የለውም ይላል። ሌላው ደግሞ ትንሽ ሆና ኪስ የምትገባው ትሻላለች ባይ ነው። ፊልም ያየ፣ ጌም የተጫወተ ሁሉ አስተያየት አለው። 9 ሚሊ፣ 45፣ 380 እየተባለ ቁጥር ይወረወራል።

ዛሬ የምንተርክላችሁ ሰውዬ ግን በዚህ ክርክር ውስጥ ከሚጠሩት ቁጥሮች ብዙዎቹን ራሱ ነው የፈጠራቸው። ስሙ ጆን ብራውኒንግ ይባላል። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች በአንድ ወቅት ማንኛውንም ሽጉጥ ብራውኒንግ ብለው እስከመጥራት ደርሰው ነበር። ታዲያ ይሄ ሰው ራስን ለመከላከል የቱ ጥይት ይሻላል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ምን ነበር? ሕይወቱን ስናይ መልሱ ብዙዎቻችን ከምንጠብቀው የተለየ ሆኖ እናገኘዋለን።

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የጠመንጃ ሠሪው ልጅ

ጆን ሞዝስ ብራውኒንግ የተወለደው ጃንዋሪ 23 ቀን 1855 በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ኦግደን በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ጆናታን ብራውኒንግ የሞርሞን እምነት ተከታይና በሙያቸው ጠመንጃ ሠሪ ነበሩ። ሦስት ሚስቶችና 22 ልጆች ነበሯቸው። በዚያ ዘመን ወደ ምዕራብ የሚፈልሰው ሕዝብ ጠመንጃውን ይዞ ነው የሚጓዘው። የተበላሸው መሣሪያ ደግሞ ወደ አባትየው ወርክሾፕ ይመጣል። ልጁ ያደገው በዚያ የብረት ክምር መሃል ነው። ገና ልጅ ሳለ ከወዳደቀ ዕቃ የራሱን ጠመንጃ ገጣጥሞ ሠርቷል።

ኮሌጅ የሚባል ነገር አላየም። የምህንድስና ዲግሪም አልነበረውም። ሐሳብ ሲመጣለት ወረቀት ላይ ከመሳል ይልቅ ወንድሞቹን አሰልፎ በቀጥታ ብረት ላይ ይሠራው ነበር።

1879 ለእሱ የተለየ ዓመት ነው። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ አገባ፣ አባቱን ቀበረ፣ የመጀመሪያውን የፈጠራ መብትም አገኘ። ያን ጊዜ ገና የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ በኦግደን ትንሽ ፋብሪካ ከፍቶ፣ አንድ በአንድ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃውን ማምረት ጀመረ። በ1883 ታዋቂው የዊንቸስተር ኩባንያ ይሄን ጠመንጃ አየና ኃላፊውን ወደ ኦግደን ላከ። ኩባንያው የጠመንጃውን መብት በ8,000 ዶላር ገዛ። ከዚያ በኋላ ለ20 ዓመት ገደማ ብራውኒንግ ይፈጥራል፣ ዊንቸስተር ያመርታል። እስኪሞት ድረስ በስሙ 128 የፈጠራ መብቶች ተመዝግበዋል።

ከቁጥቋጦ የመጣ ሐሳብ

በ1889 አንድ ቀን ወንድሞቹና ጓደኞቹ ተኩስ ሲለማመዱ ቆሞ ያያል። ጠመንጃው በተተኮሰ ቁጥር ከአፈሙዙ ፊት ያለው ሣርና ቁጥቋጦ ይጎነበሳል። ሌላው ሰው ምንም አልመሰለውም። እሱ ግን ከአፈሙዝ የሚወጣው የጋዝ ኃይል እንዲሁ በከንቱ እየባከነ መሆኑ ታየው። ይሄ ኃይል ለምን ቀለሁን አውጥቶ ቀጣዩን ጥይት አያጎርስም? ከዚህ ሐሳብ መትረየስ ተወለደ። ቀጥሎም የተኩሱ ኃይል ራሱ ጥይት የሚያጎርስበት ሽጉጥ መጣ።

በ1897 የቤልጅየሙ ኤፍኤን ኩባንያ ሠራተኛ የሆነ ሰው የብስክሌት አመራረት ለማጥናት ወደ አሜሪካ ሄዶ ነበር። እዚያ ከብራውኒንግ ጋር ተገናኘ። ብስክሌቱ ቀረና ሽጉጥ ይዞ ተመለሰ። የኤፍኤን ፋብሪካ በሚገኝባት በሊዬዥ ከተማ ሽጉጡ ብዙም ሳይቆይ ወደ ምርት ገባ። የጥይቱ ስፋት 7.65 ሚሊ ሜትር ሲሆን አሜሪካኖች 32 ይሉታል።

እዚህ ጋ የቁጥሩን ነገር ግልጽ እናድርገው። ካሊበር ማለት በቀላሉ የጥይቱ ስፋት ነው። አውሮፓ በሚሊ ሜትር ይለካል። አሜሪካ በኢንች መቶኛ ነው የሚለካው። ስለዚህ 45 ማለት የኢንች 45 መቶኛ ነው፣ በሚሊ ሜትር 11.43 ይሆናል። ቁጥሩ የሚነግረን ስፋቱን ብቻ ነው። ክብደቱንና ፍጥነቱን አይነግረንም።

ለእያንዳንዱ ኪስ አንድ ጥይት

ብራውኒንግ በአንድ መጠን አልቆመም። በ1905 ገደማ በሰደርያ ኪስ ለምትገባ ሽጉጥ የሚሆን 6.35 ሚሊ ሜትር ጥይት አወጣ። አሜሪካኖች 25 ይሏታል። እርሳሷ 3 ግራም ገደማ ብትመዝን ነው። የ32ቱ 4.6 ግራም ገደማ ነው። በ1908 ደግሞ 380 መጣ። አውሮፓ ውስጥ አጭሩ 9 ሚሊ ይባላል፣ 6 ግራም ገደማ ነው።

ለምን እንዲህ አሳነሳቸው? ምክንያቱ ያለው ከሽጉጡ አሠራር ላይ ነው። በነዚህ ትናንሽ ሽጉጦች ውስጥ ተኩሱን የሚቋቋመው የላይኛው ተንሸራታች ብረት ክብደትና የአንድ ሞላ ጉልበት ብቻ ነው። ጥይቱ ኃይለኛ ከሆነ ብረቱም መክበድ አለበት። ብረቱ ከከበደ ደግሞ ሽጉጡ ኪስ አይገባም። ስለዚህ የጥይቱን መጠን የወሰነው ፉክክር አይደለም። ሽጉጡን የሚይዘው ማነው፣ የትስ ነው የሚይዘው የሚለው ጥያቄ ነው የወሰነው።

የ45 ታሪክ

ትልቁ ጥይት የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የአሜሪካ ጦር 38 ካሊበር ሽጉጥ ነበር የታጠቀው። ፊሊፒንስ ውስጥ ከሞሮ ተዋጊዎች ጋር ሲዋጋ ግን ችግር ገጠመው። ጎራዴ መዝዘው የሚሮጡ ተዋጊዎች ደጋግመው ተመትተውም ሳይቆሙ ወታደሩ ላይ ይደርሱ ነበር። ጦሩ አሮጌዎቹን 45 ሽጉጦች ከመጋዘን አወጣ።

በ1904 ሁለት መኮንኖች፣ ቶምሰንና ላ ጋርድ፣ ነገሩን እንዲያጠኑ ታዘዙ። ቺካጎ በሚገኝ የከብት ማረጃ ውስጥ በቁም ከብቶች ላይ፣ በተጨማሪም በሰው አስከሬን ላይ የተለያዩ ጥይቶችን ሞከሩ። ሙከራው ዛሬ ብዙ ትችት ይቀርብበታል። ድምዳሜያቸው የጦሩ ሽጉጥ ከ45 ማነስ የለበትም የሚል ነበር። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን የዚያኑ ሪፖርት ሌላ ክፍል ነው። ወታደሩ አነጣጥሮ መምታትን ያለማቋረጥ መለማመድ እንዳለበትም ያሳስባል። ትልቅ ጥይት ያልተመታን ሰው አያቆምም ማለት ነው።

ብራውኒንግ 45 ጥይቱን አዘጋጀ። እርሳሱ 15 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ የ380ው ሁለት ዕጥፍ ከግማሽ መሆኑ ነው። ለዚህ ኃይል የኪስ ሽጉጡ አሠራር አይበቃም። ስለዚህ ጥይቱ ከአፈሙዝ እስኪወጣ ድረስ በርሜሉና ተንሸራታቹ ተቆላልፈው የሚቆዩበትን ዘዴ ተጠቀመ። ዛሬም አብዛኞቹ ኃይለኛ ሽጉጦች ከዚህ ሐሳቡ የወጡ ናቸው።

ከዓመታት ሙከራ በኋላ በማርች 1911 የመጨረሻው ፈተና ደረሰ። የእሱ ሽጉጥና የተፎካካሪው ሳቬጅ ኩባንያ ሽጉጥ እያንዳንዳቸው 6,000 ጥይት እንዲተኩሱ ተደረገ። የሳቬጁ 37 ጊዜ ተበላሸ። የብራውኒንግ ሽጉጥ ግን 6,000ውን ሲተኩስ አንዴም አልተሰናከለም። በዚያው ወር ጦሩ ተቀበለው። በዓመቱ ቁጥር 1911 ተብሎ እስከ 1985 ድረስ የአሜሪካ ጦር ዋና ሽጉጥ ሆኖ ኖረ።

ልብ በሉ፤ በዚያ ፈተና ላይ ያሸነፈው የጥይቱ ትልቅነት አይደለም። ሁለቱም ተፎካካሪዎች 45 ነበሩ። ያሸነፈው አለመክሸፉ ነው።

የትንሿ ሽጉጥ ጥቁር ቀን

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጁን 28 ቀን 1914፣ ሳራዬቮ ውስጥ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የተባለ የ19 ዓመት ልጅ ከኪሱ ሽጉጥ አወጣ። ሁለት ጊዜ ተኮሰ። የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድና ባለቤታቸው ሶፊ ሁለቱም ሞቱ። በሳምንታት ውስጥ አውሮፓ ወደ ጦርነት ገባች። ያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው።

ሽጉጡ የብራውኒንግ ሥራ ነበር። ሊዬዥ ውስጥ የተመረተ፣ ሞዴል 1910 የሚባል፣ 380 ጥይት የሚጎርስ የኪስ ሽጉጥ ነው። ዛሬ በካሊበር ክርክር ላይ ደካማ ተብሎ የሚናቀው ጥይት ማለት ነው።

የዚህ ታሪክ ዋናው ነጥብ ይሄ ነው። ለማስፈራሪያ ብቻ ተብሎ የተሠራ ጥይት የለም። ትንሽ ናት፣ ምንም አታደርግም ተብላ የምትያዝ ሽጉጥ የለችም። ሦስት ግራሟም ትገድላለች። በትናንሾቹና በትልልቆቹ መካከል ያለው ልዩነት የተመታው ሰው ቶሎ ይቆማል ወይስ አይቆምም የሚለው ነው እንጂ፣ ይሞታል ወይስ አይሞትም የሚለው አይደለም። ራስን ለመከላከል ሲባል ደግሞ ይሄ በሁለቱም በኩል ከባድ ነው። ትንሿ ጥይት አጥቂውን ወዲያው ሳታቆመው ከሰዓታት በኋላ ልትገድለው ትችላለች።

የመጨረሻው ሥራ

ጦርነቱ ሲሰፋ አሜሪካም ገባችበት። ብራውኒንግ መትረየሶቹንና አውቶማቲክ ጠመንጃውን ለመንግሥት ሰጠ። መንግሥት የከፈለው 750,000 ዶላር ነበር። በእያንዳንዱ መሣሪያ ይታሰብለት ቢባል ከዚህ በጣም የሚበልጥ ገንዘብ ያገኝ ነበር፤ እሱ ግን ሳይከራከር ተቀበለ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ የያዘው ሥራ የሚገርም ነው። የ45 አባት የሆነው ሰው በ9 ሚሊ ላይ ነበር የሚሠራው። 9 ሚሊ ፓራቤለም የሚባለውን ይሄን ጥይት በ1902 ያወጣው ጀርመን አገር ይሠራ የነበረው ጌኦርግ ሉገር ነው። እርሳሱ ከ45ቱ ግማሽ ገደማ ቢመዝንም ፍጥነቱ በጣም ይበልጣል። ቀጭን ስለሆነም ካዝናው ብዙ ይይዛል።

ኖቬምበር 26 ቀን 1926 ብራውኒንግ ሊዬዥ በሚገኘው የኤፍኤን ፋብሪካ፣ በልጁ ቢሮ ውስጥ እያለ ልቡ ቆመና አረፈ። 71 ዓመቱ ነበር። የጀመረውን ሽጉጥ ቤልጅየማዊው ዲዩዶኔ ሴቭ ጨረሰው። በ1935 ሃይ ፓወር ተብሎ ወጣ። የ1911 ካዝና 7 ጥይት ሲይዝ ይሄኛው 13 ይይዛል።

ክርክሩ ግን አላረፈም

በኤፕሪል 1986 ማያሚ ውስጥ የኤፍቢአይ አባላት ከሁለት ዘራፊዎች ጋር ተታኮሱ። ሁለት የኤፍቢአይ አባላት ተገደሉ፣ አምስት ቆሰሉ። ከዘራፊዎቹ አንዱ በ9 ሚሊ ጥይት ክፉኛ ተመትቶ ነበር። ጥይቱ ግን ልቡ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ሰውዬው ከዚያ በኋላም መተኮሱን ቀጠለ።

ኤፍቢአይ ወደ ትላልቅ ጥይቶች ዞረ። መጀመሪያ 10 ሚሊን፣ ቀጥሎ 40 የሚባለውን ያዘ። ችግሩ ትልቁ ጥይት እጅን በኃይል ያንቀጠቅጣል። ብዙዎች እንደ ድሮው መምታት አቃታቸው። የ9 ሚሊ ጥይት አሠራርም በመሃል ተሻሻለ። በ2010ዎቹ ተቋሙ ዞሮ ዞሮ ወደ 9 ሚሊ ተመለሰ። ብራውኒንግ ሲሞት ይሠራበት ወደነበረው መጠን ማለት ነው።

እንግዲህ ካሊበር መምረጥ ማለት አንዱን ለማግኘት ሌላውን መልቀቅ ነው። ጥይቱ ሲተልቅ ሽጉጡ ይከብዳል፣ እጅ ይርገበገባል፣ የጥይቱ ቁጥር ይቀንሳል። ሲያንስ ለመያዝ ይቀላል፣ ግን አደጋን ቶሎ ላያቆም ይችላል። በስፋት ብቻ መፍረድም ያሳስታል። እኛ አገር የፖሊስ ዜና ላይ ስሙ የማይጠፋው ማካሮቭ 9 ሚሊ ይባላል። ጥይቱ ግን ከፓራቤለሙ 9 ሚሊ ያጠረና የደከመ፣ ወደ 380 የሚጠጋ ነው። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም።

ደግሞም ከምርጫው በፊት ሕጉ አለ። እዚህ አገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው፤ ካሊበሩ ትንሽ ነው ብሎ የሚያልፍ ሕግ የለም።

የብራውኒንግ ሕይወት የሚነግረን ቅደም ተከተል ይሄን ይመስላል። መጀመሪያ መሣሪያው የማይከሽፍ ይሁን። ቀጥሎ የያዘው ሰው መምታት የሚችል ይሁን። ካሊበሩ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ከሁሉም በፊት ግን በ6.35ም ሆነ በ45፣ ምላጭ ከተሳበ በኋላ ጥይቱን መልሶ የሚጠራ ሰው እስከዛሬ አልተፈጠረም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን። ሽጉጥን ለማስፈራሪያ ብቻ ነው የያዝኩት የሚል ጓደኛ ካላችሁ፣ ይሄን ጽሑፍ ሼር አድርጉለት።