የሹክሹክታው ሰገነትና ሎርድ ሬይሊ

በለንደን የቅዱስ ጳውሎስን ካቴድራል የጎበኘ ሰው፥ ከጉልላቱ ሥር ዙሪያውን የሚከበውን ሰገነት አይዘነጋውም። አንዱ ጎብኚ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ በሹክሹክታ ቢናገር፥ ከ30 ሜትር በላይ ርቆ በማዶ በኩል ጆሮውን ለግድግዳው የሰጠ ጓደኛው ቃሉን ይሰማዋል። የዚህን ነገር ምክንያት አጥርተው የገለጹት ሊቅ ጆን ዊልያም ስትረት፥ ኋላ ሎርድ ሬይሊ የተባሉት እንግሊዛዊ ናቸው። ዛሬ የእኚህን ሰው ሕይወት ለአንባቢዎቻችን እናወሳለን፤ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሎርድ ሬይሊ በ1842 በኤሴክስ ከባለርስት መኳንንት ቤተ ሰብ ተወለዱ። በልጅነታቸው ጤና ስላልነበራቸው ትምህርታቸው ብዙ ጊዜ ተቋርጧል። ይሁን እንጂ በ1861 ካምብሪጅ ገብተው በ1865 በሒሳብ ፈተና አንደኛ ወጡ። የመኳንንት ልጅ በላቦራቶሪ ሲደክም ማየት በዚያ ዘመን ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነበር፤ እርሳቸው ግን ከሐሳባቸው አልተመለሱም። በ1871 ሰማይ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየን ስለ ምን እንደ ሆነ አስረዱ። በ1872 ብርቱ የቁርጥማት ትኩሳት ይዟቸው ለሞት ተቃረቡ። ለማገገም ወደ ግብፅ ሄደው፥ ከአገራችን በሚወርደው ውሃ ላይ በጀልባ ሲጓዙ ስለ ድምፅ የጻፉትን ታላቅ መጽሐፍ ጀመሩ። ዓባይ ስንቱን አገልግሏል!

አባታቸው በ1873 ሲሞቱ ማዕርጉንና ርስቱን ወረሱ። የእርሻውንና የላሙን ጉዳይ ለወንድማቸው ትተው ቴርሊንግ በሚባለው ቤታቸው ባቋቋሙት ላቦራቶሪ ሥራቸውን ቀጠሉ። ከ1879 እስከ 1884 በካምብሪጅ ሲያስተምሩ ሴቶች ከወንዶች እኩል በላቦራቶሪው እንዲማሩ አደረጉ። ከአየር የተገኘው ናይትሮጅን ከአሞኒያ ከተገኘው ከ200 አንድ እጅ ያህል ከብዶ ቢያገኙት፥ ሌላው ሰው የሚዛን ስሕተት ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እርሳቸው ነገሩን ተከታትለው ከራምዜ ጋር በ1894 አርጎን የተባለውን ጋዝ አገኙ። በዚሁ በ1904 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው፤ ገንዘቡንም ለካምብሪጅ ለገሱ።

ወደ ሰገነቱ እንመለስ። ኤሪ የተባሉት የሥነ ፈለክ ሊቅ፥ ድምፁ ከጉልላቱ ነጥሮ በተቃራኒው ነጥብ ላይ ይሰበሰባል ብለው ነበር። ነገር ግን ሹክሹክታው በተቃራኒው ነጥብ ብቻ ሳይሆን በግድግዳው ዙሪያ ሁሉ ይሰማል። ሬይሊ ይህን አስተውለው አንድ የብረት ቆርቆሮ በክብ አጎበጡ። በአንዱ ጫፍ ቀጭን ፉጨት የሚያሰማ መሣሪያ፥ በሌላው ጫፍ ድምፅ ሲነካው የሚንቀጠቀጥ የጋዝ ነበልባል አኖሩ። ፉጨቱ ሲነፋ ነበልባሉ ተናወጠ፤ ጠባብ ጣውላ ከቆርቆሮው ውስጠኛ ፊት ላይ ሲያስጠጉ ግን ረጋ። እንግዲህ ድምፁ መሐሉን አያቋርጥም፤ ግድግዳውን ታክኮ ይሄዳል ማለት ነው። የነገሩን ሒሳብ በ1910 እና በ1914 ጻፉ። በ1919 በቴርሊንግ ሲያርፉ ይህ ሥራ ለምን እንደሚጠቅም የጠየቀ ቢኖር መልስ ባላገኘ ነበር።

በ1992 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የሚሠሩ ሊቃውንት ከሴሚኮንዳክተር ስስ ዲስክ ቀርጸው፥ እንደ መሶብ በአንድ እግር ላይ አቆሙት። የዲስኩ ስፋት ከ3 እስከ 10 ማይክሮሜትር ነበር፤ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር ሺኛ እጅ ነው፤ አንዲት የፀጉር ዘለላ እንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ትወፍራለች። በውስጡ የገባው ብርሃን፥ ልክ እንደ ሹክሹክታው፥ የዲስኩን ጠርዝ ታክኮ ይዞራል፤ በዞረ ቁጥር ከሴሚኮንዳክተሩ ኃይል እየጨመረ፥ ትርፉ ከሚባክነው ሲበልጥ ሌዘር ይሆናል። ለዚህ ከአንድ ዋት አሥር ሺኛ ያነሰ ኃይል በቃው፤ ብቻ በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ነበረባቸው።

ዲስኩ ይበልጥ ሲያንስ ችግሩ ይጸናል። ጠርዙ እጅግ ስለሚጎብጥ ብርሃኑ ኩርባውን መከተል ያቅተውና ወደ ውጭ ያመልጣል። እንዲህም ሆኖ በ2007 ስፋቱ ከአንድ ማይክሮሜትር የሚያንስ፥ ለዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ዲስክ ተሠርቷል። ምን ያህሉ ብርሃን እንደሚያመልጥ የሚያሰሉት ሰዎች ዛሬም የሚነሡት፥ የቴርሊንጉ ጌታ ስለ ሰገነቱ ከተጠቀሙበት ዓይነት ሒሳብ ነው።